ሶርት የተደረገ አሬይ እንዳይበተን፦ ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ደረጃ በደረጃ

ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት የጀልባ ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ የማታውን ጉዞ ጠዋት አስነሳው እኮ!» አሉኝ። ገጹን ከፍቼ ሳይ እውነታቸውን ነው። የ10 ሰዓቱ ጉዞ ከ12፡30ው በላይ ቁጭ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጀልባ ለሚያከራዩ አንድ ሰው ትንሽ ድረ ገጽ ሠርቼላቸው ነበር። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደብረ ማርያም የሚሄድ ሰው ይመዘገባል። ገጹ ጉዞዎቹን በመነሻ ሰዓት ይደረድራል። ሁለት ሳምንት ያህል እንከን አልወጣለትም። ለካ ጉዞው ሁሉ የጠዋት ስለሆነ ነው። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይይዘዋል፤ ሰው በጊዜ ሄዶ በጊዜ መመለስ ይመርጣል። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን እንይ፣ ከቀናን ጉማሬም እናያለን ያሉ እንግዶች መጡና ለ10 ሰዓት ተመዘገቡ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰዓቱን በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ ነበር ያስቀመጥኩት። ጽሑፍ የሚወዳደረው ፊደል በፊደል ነው። «12፡30»፣ «1፡15»፣ «2፡00»፣ «3፡30» እንደ ጽሑፍ ሲደረደሩ በዚሁ ተራ ነው የሚወጡት፤ በአጋጣሚ ትክክል! በሀበሻ ሰዓት 12፡30 ጠዋት ከ1፡15 ይቀድማላ። «10፡00» ሲመጣ ግን በ1 ይጀምራል፣ ሁለተኛው 0 ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም ቀድሞ አናት ላይ ይወጣል። የራሳችን ሰዓት አቆጣጠር ጉዴን ሁለት ሳምንት ሸፍኖልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሶርት፣ ማለትም በተራ ከመደርደር፣ ጋር የተያያዘውን ሥራ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቤ ትንሽ ላይብረሪ (ደጋግመው የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) አደረግሁት። የሚደረደሩትን ዋጋዎች በተራ የያዘው ዝርዝር አሬይ ይባላል። ከመቶ መስመር አይበልጥም። እንዴት እንደሚሠራ ከታች አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኮዱን እዚህ የማሰፍረው በአማርኛ ነው። የጃቫስክሪፕቱን ቁልፍ ቃላት እናንተ ታስገባላችሁ። የተለዋዋጮቹን ስም ግን እንዳለ መገልበጥ ትችላላችሁ፤ ጃቫስክሪፕት የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል። «መነሻ» የሚል ተለዋዋጭ ምንም ሳያጉረመርም ይሠራል። ቢሮ ውስጥ ባልመክረውም፣ ለመማር ግን ደስ ይላል።

ደረጃ 1፦ አወዳዳሪውን ጻፉ

አወዳዳሪ ሁለት ነገር ተቀብሎ አንድ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ነው። የመጀመሪያው መቅደም ካለበት ከ0 ያነሰ፣ እኩል ከሆኑ 0፣ ሁለተኛው መቅደም ካለበት ከ0 የበለጠ ይመልሳል። ለቁጥር ከሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ ይበቃል።

ለጀልባው ሰዓት መጀመሪያ ወደ ደቂቃ መቀየር ያስፈልጋል፦

  ቁልፍ = (ሰዓት ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው) × 60 + ደቂቃ
  የሌሊቱ ግማሽ ከሆነ፦ ቁልፍ = ቁልፍ + 720

በዚህ ስሌት ከጠዋቱ 12፡30 ማለት 30 ነው። 1፡15 ደግሞ 75፣ 3፡30 ደግሞ 210 ይሆናል። ያ ጉደኛ 10 ሰዓት 600 ሆኖ ቦታውን ያገኛል። የምሽቱ 12 ሰዓት 720 ነው። ቀኑ ከንጋት ስለሚጀምር ለጀልባ ሥራ ከዚህ የተመቸ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ባዶ የተተወ ሳጥን ወደ ቁጥር ሲቀየር አንዳንዴ «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ዋጋ ይመጣል። ከእሱ ላይ ምንም ብትቀንሱ ውጤቱ ያው «ቁጥር ያልሆነ» ነው። ሶርት ይህን እንደ 0 ይቆጥረዋል፤ ማለትም ከሁሉም ጋር እኩል ነው ብሎ ያልፋል። ስህተት የሚል ቀይ መስመር አታዩም። ተራው ብቻ ይዘበራረቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዋጋ በር ላይ መልሱት፤ ወደ አሬዩ አይግባ።

ደረጃ 2፦ አንዴ ሶርት አድርጉ፣ በዚያው አወዳዳሪ

10፣ 9፣ 1 የያዘ አሬይ ያለ አወዳዳሪ ሶርት ብታደርጉ 1፣ 10፣ 9 ይወጣል። ጃቫስክሪፕት አወዳዳሪ ካልተሰጠው ቁጥሩንም ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው። የእኔ የጀልባ ጣጣ የዚሁ ዘመድ ነው።

ሶርት ዋናውን አሬይ ይነካዋል፤ ቅጂ አይደለም የሚሰጣችሁ። ዋናው እንዳይነካ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ቋንቋው የገባውን «ቱሶርትድ» ተጠቀሙ። አሮጌ ስልክ ላይ ግን ላይኖር ይችላል።

ሌላው ጥያቄ እኩል የሆኑት ሰዎች ነገር ነው። ሁለት እንግዶች ለ2 ሰዓት ቢመዘገቡ ማን ይቀድማል? እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ቋንቋው ራሱ ያስገድዳል፦ እኩል የሆኑት በገቡበት ተራ ይቆያሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። የክሮም ብሮውዘር ሞተር እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ከ10 በላይ ኤለመንት (በውስጡ ያለ ዋጋ) ያለውን አሬይ ሶርት ሲያደርግ የእኩሎቹን ተራ ሊያዛባ ይችል ነበር። 10 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን አያዛባም። በትንሽ ዳታ ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ሁሉ ገደል የገባው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ግራ_ቦታ፣ የሁሉ እናት

ከዚህ ላይብረሪ አንድ ፈንክሽን ብቻ በደንብ ብትይዙ ይህችን ያዙ። የምትመልሰው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ዋጋ ተራውን ሳያፈርስ የሚገባበት የመጀመሪያው ቦታ የት ነው?

  ግራ_ቦታ(አሬይ፣ ዋጋ)
    መነሻ = 0
    መድረሻ = የአሬዩ ርዝመት
    መነሻ < መድረሻ እስከሆነ ድረስ ደጋግም፦
      መሃል = (መነሻ + መድረሻ) ÷ 2፣ ወደ ታች ተጠጋግቶ
      አወዳዳሪ(አሬይ[መሃል]፣ ዋጋ) < 0 ከሆነ፦ መነሻ = መሃል + 1
      ካልሆነ፦ መድረሻ = መሃል
    መነሻን መልስ

በየዙሩ ግማሹን እየጣለ የሚፈልገው ይህ ስልት ባይነሪ ሰርች ይባላል። በእጅ እንሂድበት። ለእጅ እንዲቀል ጀልባውን ትተን ወደ ዓሣ እንምጣ። ሐይቁ ዳር አንድ ሻጭ ዛሬ የመዘናቸው ቆሮሶዎች በግራም እነዚህ ናቸው እንበል፦

  350፣ 420፣ 420፣ 480፣ 610፣ 750፣ 900

ቦታ የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ነው። 420ን እንፈልግ። መነሻ 0፣ መድረሻ 7፣ መሃል 3። እዚያ ያለው 480 ነው። ከ420 ያንሳል? አያንስም። ስለዚህ መድረሻ 3 ይሆናል። አሁን መሃል 1፤ ያለው 420 ነው። ከ420 ያንሳል? አያንስም፣ እኩል ነው። መድረሻ 1። መሃል 0፤ 350 ያንሳል። መነሻ 1። ሁለቱ ተገናኙ፣ አበቃ፤ መልሱ 1 ነው። 420 ላይ ደርሰን ሳለ እንዳልቆምን ልብ በሉ። ሌላ 420 በግራ በኩል ሊኖር ስለሚችል ወደ ግራ መግፋታችንን ቀጠልን። ብዙ ሰው «አገኘሁት!» ብሎ እዚያው ይመልሳል። ድግግሞሽ ባለበት ዳታ ላይ ያኔ የሚገኘው መልስ የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

መድረሻ ለምን ከርዝመቱ 1 ተቀንሶ አልጀመረም? ምክንያቱም መልሱ «ከሁሉም በኋላ» ሊሆን ይችላል። 1,000 ግራም የሚመዝን ብንፈልግ መልሱ 7 ነው፤ እዚያ ምንም የለም፣ ግን ቢገባ የሚገባው እዚያ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ 1,000 ኤለመንት ካለ ቢበዛ 10 ጊዜ ማየት ይበቃል። ሚሊዮን ቢሆን 20። ዳታው ሺህ እጥፍ ሲያድግ ሥራው እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው።

መነሻና መድረሻን መደመሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ የተባለው ኢንጂነር በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ለዓመታት ሳይታይ የቆየ ስህተት ይፋ አደረገ። አሬዩ በጣም ሲተልቅ ድምሩ ከ2,147,483,647 ያልፍና ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጥ ነበር። በጃቫስክሪፕት ይህ አያሰጋችሁም፤ ቁጥሩ ብዙ ቦታ አለው። የሚያሰጋችሁ ወደ ታች ማጠጋጋቱን መርሳት ነው። ይህን ከየት እንዳወቅሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 4፦ ቀኝ_ቦታ፣ ከዚያ መቁጠርና መቁረጥ

ቀኝ_ቦታ የግራ_ቦታ መንትያ ናት። ልዩነቱ አንድ ምልክት ነው፦ «< 0» የነበረው «≤ 0» ይሆናል። ለ420 ብትጠሯት 3 ትመልሳለች፤ ማለትም ከመጨረሻው 420 ቀጥሎ ያለውን ቦታ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ይቀላል። 420 ስንት ጊዜ አለ? 3 ሲቀነስ 1፣ 2 ጊዜ። ከ400 እስከ 700 ግራም ያሉትን፣ ማለትም ለአንድ ሰው ሙሉ ለመጥበስ ልክ የሆኑትን አምጣ ቢባል ግራ_ቦታ ለ400 መልሱ 1፣ ቀኝ_ቦታ ለ700 መልሱ 5 ነው። ከ1 እስከ 5 «ስላይስ» አድርጉ፣ ማለትም ቆርጣችሁ አውጡ። ስላይስ የመጨረሻውን ቁጥር ስለማይጨምር 420፣ 420፣ 480፣ 610 ይወጣል። በቦታዎቹ ላይ 1 መደመር ወይም መቀነስ የለም።

«አለ ወይ?» ለሚለው ደግሞ ግራ_ቦታን ጠርታችሁ እዚያ ያለው እኩል መሆኑን ታያላችሁ። ከማየታችሁ በፊት ግን ቦታው ከርዝመቱ ማነሱን አረጋግጡ። አለበለዚያ ከአሬዩ ውጭ ነው የምታዩት።

ደረጃ 5፦ ማስገባት

አዲስ ሰው ሲመዘገብ ቀኝ_ቦታን ጥሩና እዚያ «ስፕላይስ» አድርጉ፣ ማለትም መሃል ላይ አስገቡ። ግራ_ቦታን አይደለም። በግራ ብታስገቡ ኋላ የመጣው ሰው ቀድሞ የተመዘገበውን ይቀድማል፤ ጀልባ ዳር እንዲህ ያለ ነገር ጠብ ያመጣል።

ዋጋውንም እወቁ። ቦታውን ማግኘት ፈጣን ነው፤ ማስገባቱ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋል። ባጃጅ ውስጥ ሰው ሲጨመር እንደማለት ነው። የት እንደሚቀመጥ ለማየት ሰከንድ አይፈጅም፤ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ነው ሥራው። ስለዚህ 500 መዝገብ በአንዴ ከመጣ አንድ በአንድ አታስገቡ። ሁሉንም መጨረሻ ላይ ጨምሩና አንዴ ሶርት አድርጉ። የክሮም ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚጠቀመው ቲምሶርት የሚባለውን ስልት ነው። ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፓይተን ያዘጋጀው ነው። ጥሩነቱ ቀድሞ የተደረደረ ረጅም ክፍል ካገኘ አውቆ እንዳለ ይወስደዋል፤ እንደገና አይለፋበትም።

ደረጃ 6፦ ማውጣት፣ እና እኔን ያሳፈረኝ ነገር

ለ2 ሰዓት የተመዘገቡ 4 ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ቀረ። በሰዓቱ ብቻ ብትፈልጉ የማንን እንደምታወጡ አታውቁም። በግራ_ቦታና በቀኝ_ቦታ መካከል ያሉትን 4 ብቻ ተመልከቱ፤ ከእነሱ ውስጥ በመለያ ቁጥሩ ያዙት። ይህ ቀላል ነው።

ከባዱ ሰዓት መቀየር ነው። አንድ ቀን እንግዶች ደውለው ከ1፡15 ወደ 3፡30 አዛውሩን አሉ። እኔም መዝገቡን አውጥቼ ሰዓቱን እዚያው ባለበት ቀየርኩት። አንድ መስመር ኮድ። በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ፤ ገጹ «አልተመዘገቡም» አለ። መዝገቡ አለ፣ ቦታው ግን የ1፡15 ነው። ባይነሪ ሰርቹ 3፡30ን ሲፈልግ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እሱ በግራ በኩል ተደብቋል። ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደቡ ላይ ቆመው እኔ በስልክ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር።

ስለዚህ በላይብረሪው ውስጥ «ቀይር» የምትባል ፈንክሽን ትኑር። ሦስት ነገር ትሥራ፦ አውጣ፣ ቅጂውን አስተካክል፣ ቅጂውን መልሰህ አስገባ። ከእሷ ውጭ ማንም ቁልፉን እንዳይነካ መዝገቡን «ፍሪዝ» አድርጉት፣ ማለትም እንዳይቀየር ቆልፉት። ኮዱን በምትጽፉበት ጊዜ ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት እያወዳደረች አሬዩ እንደተደረደረ የምታረጋግጥ ትንሽ ዘበኛ ፈንክሽን ጻፉና ከየለውጡ በኋላ ጥሯት። ሁሉንም ስለምታይ ዘገምተኛ ናት፤ ሥራ ላይ ሲውል አጥፏት።

ደረጃ 7፦ አንድ አወዳዳሪ፣ አንድ ቦታ

አወዳዳሪውን በእያንዳንዱ ፈንክሽን አትቀበሉ። አሬዩ ሲፈጠር አንዴ ተቀብላችሁ ውስጥ ቆልፉት፤ መፈለግም ማስገባትም ማውጣትም እሱኑ ይጠቀም። በአንዱ አወዳዳሪ ሶርት አድርጎ በሌላ መፈለግ ያየሁት ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው። በተለይ በአማርኛ ስሞች።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ደንብ) የተቀመጠው በምናውቀው ተራ ነው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ስለዚህ የአማርኛ ስሞችን እንዲሁ ብታወዳድሩም ተራው አይከፋም። ችግሩ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፤ ጆሮ አይለያቸውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። እንግዳው በ«ኃ» ተመዝግቦ ረዳቱ በ«ሀ» ቢፈልገው አያገኘውም።

መፍትሔው ለማወዳደሪያ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። ፊደሎቹ በዩኒኮድ ቁጥራቸው በእኩል ርቀት ስለተቀመጡ ሰባቱንም ቤት በአንድ ስሌት መቀየር ይቻላል፦

  ከሐ ቤት ወደ ሀ ቤት፦ 16 ቀንስ
  ከኀ ቤት ወደ ሀ ቤት፦ 128 ቀንስ
  ከሠ ቤት ወደ ሰ ቤት፦ 16 ደምር
  ከዐ ቤት ወደ አ ቤት፦ 48 ቀንስ
  ከፀ ቤት ወደ ጸ ቤት፦ 8 ቀንስ

ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ ድምፃቸው አንድ ነውና። አሁን ሦስቱም ኃይሉዎች አንድ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉን ግን ስክሪን ላይ አታሳዩ። ስሟን ፀሐይ ብላ የምትጽፍ ሰው «ጸሀይ» የሚል ትኬት ብትሰጧት ቅር ይላታል፤ እውነትም አላት።

ደረጃ 8፦ ሁለት ዝርዝር ማቀላቀል

ሌላ ባለ ጀልባ ዝርዝሩን ይዞ ቢመጣ ሁለቱም ከተደረደሩ እንደገና ሶርት አያስፈልግም። በሁለቱ አናት ላይ አንድ አንድ ጣት አድርጉ። ያነሰውን ውሰዱ፣ ያን ጣት አንድ ዝቅ አድርጉ። እኩል ከሆኑ ሁልጊዜ ከግራው ውሰዱ። አንዱ ሲያልቅ የሌላውን ቀሪ እንዳለ ቀጥሉበት።

ደረጃ 9፦ ዝግጁውን ወይስ የራስን?

ሎዳሽ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ «ሶርትድኢንዴክስ» እና «ሶርትድላስትኢንዴክስ» አሉ፤ እነዚሁ ግራ_ቦታና ቀኝ_ቦታ ናቸው። ሎዳሽ ቁልፍ አውጪ ፈንክሽን ይቀበላል እንጂ ሙሉ አወዳዳሪ አይቀበልም። ዲ3 በሚባለው ሌላ ላይብረሪ ውስጥ ያለው «ባይሴክተር» ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ለደመወዝ ሥራ ከሆነ ከሁለቱ አንዱን ውሰዱ እላለሁ። አንዴ ግን በእጃችሁ ጻፉት።

እውነቱን ለመናገር የጀልባው ዝርዝር በቀን 30 መስመር አይሞላም። ለ30 መስመር ከላይ እስከ ታች በሉፕ (አንድ በአንድ እየደጋገሙ) ማየት ከበቂ በላይ ነው። በመለያ ቁጥር አንድ መዝገብ ብቻ ማግኘት ከሆነ የተፈለገው ደግሞ «ማፕ» (መለያ ሲሰጡት መዝገቡን በቀጥታ የሚያወጣ) ይሻላል። የተደረደረ አሬይ ትርፉ የሚታየው «ከዚህ እስከዚህ» እና «ቀጥሎ ያለው» የሚሉ ጥያቄዎች ሲበዙ ነው። የጀልባ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ደረጃ 10፦ ቴስት

መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሞክሩ፦ ባዶ አሬይ፣ አንድ ኤለመንት ብቻ፣ ሁሉም እኩል፣ ከሁሉም የሚያንስ ዋጋ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ዋጋ።

ከዚያ ለማሽኑ ስጡት። በዘፈቀደ የተሞላ አሬይ ፍጠሩ፣ ሶርት አድርጉ፣ በዘፈቀደ አንድ ዋጋ ምረጡ። የግራ_ቦታ መልስ ከዚያ ዋጋ ያነሱት ብዛት መሆን አለበት። የቀኝ_ቦታ መልስ ደግሞ ያነሱትና እኩል የሆኑት ብዛት። እነዚህን በተራ ሉፕ ቁጠሩና አስተያዩ። 1,000 ጊዜ ደጋግሙት፤ ቁጥሮቹ ከትንሽ ክልል፣ ለምሳሌ ከ0 እስከ 20፣ ይሁኑ፤ አለዚያ ድግግሞሽ አያጋጥማችሁም።

እኔ መጀመሪያ ሳስኬደው ገና 3ኛው ዙር ላይ ወደቀ። ማጠጋጋቱን ረስቼ መሃሉ 3.5 ይሆን ነበር። በ3.5ኛው ቦታ ምንም የለም፤ አወዳዳሪው «ቁጥር ያልሆነ» መለሰ፣ «< 0» የሚለው ሐሰት ሆነ፣ መድረሻው በግማሽ በግማሽ እያነሰ ሄደ። ምንም ስህተት ሳያወጣ ዝም ብሎ 0 መለሰ። ወደ ታች የሚያጠጋጋውን ጨምሬ እንደገና አስኬድኩት፣ 1,000ውም አለፈ። ከዚያ ለባለ ጀልባው ደወልኩላቸው። ሐይቁ መሃል ላይ ነበሩ መሰለኝ፣ ስልካቸው አልሠራም።